ክር ያላሰርኩባት ጠርሙስ

የሠራሁበት ጣቢያ የተዘጋው ባለፈው ጥቅምት ነው። ድስቱ፣ ቱቦው፣ ሚዛኑና ጠርሙሶቹ በአንድ የጭነት መኪና ተጭነው ሄዱ። እኔ ቀረሁ። አምስት ዓመት የዋልኩበት ሥራ ከላሊበላ ተነቅሎ ሲወጣ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም።

አሁን የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነኝ። ከአሸተን ማርያም ተራራ ግርጌ፣ በገበሬ ማኅበራችን አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ እናቴ ናት። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ገ» ላይ ቆመናል። ከ«ገ» ቀጥሎ «ጠ» ነው። «ጠ»ን ማስተማር ፈርቻለሁ።

ለምን እንደፈራሁ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ከወንድሜ ሞት ስጀምር ከመጀመሪያው መስመር አላልፍም። የሞተው በበሽታው ይሁን እኔ ባመጣሁለት ጠርሙስ፣ ያንን ነው መጻፍ የምፈልገው። ግን ከሥራው ልጀምር። ሥራው ካልታወቀ ጠርሙሷም አትታወቅም።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት ተቀመጥኩ። በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ አንድ የዕፅዋት ጥናት ቡድን መጥቶ ከከተማው በታች ወንዝ ዳር ጣቢያ ተከለ። መዓዛ ካላቸው የመድኃኒት ቅጠሎች ዘይታቸውን በእንፋሎት እያወጣ፣ ምን ንጥረ ነገር እንዳለበት እንዲመረመር ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ተራራውን የሚያውቅ ሰው ፈለጉ። ማንበቡን እኔ እችላለሁ። ተራራውን የሚያውቀው ግን ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ነበር። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ እሱ አረሰ፣ እኔ ተማርኩ። ስቀጠር እሱንም ከነበቅሎው ለጭነት ያዙት። ደመወዙ ጥቂት ነበር፣ የሚሞላው ፎርም ብዙ።

ጣቢያውን የሚመሩት ጋሽ ታፈሰ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሰው ናቸው። አፍንጫቸው ትልቅ ነው። ደሳለኝ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «እግዜር ለሥራቸው ብሎ ነው የሰጣቸው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ዘይት በወጣ ቁጥር ቀጭን ወረቀት ነክረው ያሸታሉ፤ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰክተው ከምሳ በኋላ ያሸታሉ፤ በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ያሸታሉ። ሦስቱን ሽታ በሦስት መስመር ይጽፋሉ። «ቶሎ የሚሄደው አንድ ነገር ነው፣ የሚቆየው ሌላ ነገር ነው። ተክል አንድ ስም አለው እንጂ ውስጡ ብዙ ሰው ነው» ይሉኝ ነበር።

ቅጠሉ የሚታጨደው ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ዘይቱ ይተናል፤ ስለዚህ ጥላ ውስጥ በጆንያ ላይ ስስ አድርገን እንዘረጋዋለን። ድስቱ ውስጥ ሲገባ አይረገጥም። ከተረገጠ እንፋሎቱ አንድ ጥግ ሰብሮ ይወጣና ቀሪው ቅጠል እንዳለ ይቀራል። ክዳኑ ዙሪያውን በሊጥ ይመረጋል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተዘፈቀ የመዳብ ቱቦ ሲያልፍ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ ዘይቱም በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ዘይቱን ቀድተን እናስቀምጣለን። ውሃው ትንሽ መዓዛ ይዞ ይቀራል፤ ጉዳት የለውም። ለሆድ ቁርጠት ነው እያሉ የአካባቢው ሰዎች በእንስራ ይወስዱት ነበር።

አንድ ቀን ልብስ ልታጥብ የወረደች ሴት ሊጡን ስመርግ ቆማ አየችኝ።

«እናንተ ልጆች፣ አረቄ ነው እንዴ የምታወጡ?»

«አይ እማማ፣ የጦስኝ ዘይት ነው።»

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«አይ ድካም። የማይጠጣ ነገር ነው ይህን ሁሉ እንጨት የበላ።»

የእኛ ሰው ዘይቱን «ወዝ» ይለው ነበር። የጦስኝ ወዝ፣ የመራራው ቅጠል የጭቁኝ ወዝ። ጋሽ ታፈሰ ቃሉን ወደውት ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ያኔ ደስ አለኝ። ዛሬ ሳስበው ቃሉ ራሱ ያስፈራኛል። ወዝ መልካም ነገር ነው። ወዝ ያለው ሰው ጤነኛ ነው። ወዝ ይገድላል ብሎ ማን ያስባል?

ሌላው የጋሽ ታፈሰ ልማድ ክር ነበር። ጠርሙስ በከደኑ ቁጥር ከፈሳሹ አናት ልክ ዙሪያውን ነጭ ክር ያስሩበታል። የክሩ ጥቅል ከኪሳቸው አይጠፋም።

«ይህ ዘይት ተናኝ ነው» አሉኝ። «ሰው ሳይነካውም ይሄዳል። ክር ከሌለበት ጎደለ ወይስ መጀመሪያውንም ይኸው ነበር፣ አታውቅም። የማታውቀውን ደግሞ መጻፍ አትችልም።»

በሁለተኛው ዓመት ለሦስት ወር ወደ ወገል ጤና ተላክን፣ የደላንታን ጦስኝ ልንሰበስብ። እዚያ ነው ሥራው ምን እንደሆነ የገባኝ። በዓይን ሲታይ ከላስታው ጦስኝ አይለይም። አበባውም ቅጠሉም ያው ነው። ነገር ግን አንድ ውርጭ የመታው ጠዋት ጠርሙሶቹን ስከፍት፣ ከአንደኛው ኮረብታ የመጣው ዘይት ውስጥ እንደ ጨው የጠራ ነገር ረግቶ አገኘሁ። የሌላኛው ኮረብታ ዘይት እንዳለ ፈሳሽ ነው። ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። ጋሽ ታፈሰ ብርሃን ላይ ይዘው አዩትና ሳቁ። «ቲሞል ነው። ሲበርደው ይረጋል። የዚያኛው ኮረብታ ካርቫክሮል የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይበዛዋል፣ እሱ አይረጋም። ሁለቱም ጦስኝ ነኝ ይሉሃል።»

ከወገል ጤና ስንመለስ ኬላ ላይ ተያዝን። ከአዲስ አበባ የመጣው የምርመራ ውጤት በፋይላችን ውስጥ ነበር። ውጤቱ በረጅም ወረቀት ላይ የተሣለ መስመር ነው፤ ንጥረ ነገሩ ሲበዛ መስመሩ ሽቅብ ይሾላል፣ ሲያንስ ዝቅ ይላል። ጠባቂው ዘርግቶ አየው። ዘመኑ ክፉ ነው። ተራራው ላይ ማን እንዳለ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

«ይህ የየት ተራራ ነው?» አለ።

«ተራራ አይደለም ጓድ፤ ጦስኝ ነው» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

«ጦስኝ እንዲህ ጫፍ አለው? ይህ ትልቁስ?»

«ቲሞል ነው።»

«ቲሞል የት ወረዳ ነው?»

ጠባቂው አለቃውን ጠራ። ወረቀቱም፣ ጠርሙሶቹም፣ በላቲን የተጻፉት የተክሎች ስሞችም ተያዙ። በላቲን የተጻፈውን ሚስጥራዊ ጽሑፍ ነው አሉ። ያን ቀን በአንድ ክፍል ውስጥ ቆልፈውብን ዋልን፣ አደርን። በማግሥቱ ደሳለኝ በቅሎውን እየነዳ ከኋላ ደረሰ። አለቃቸው ፊት ቀርቦ እጅ ነሣና ወረቀቱን አየው።

«ጌታዬ» አለ፣ «ይህ ተራራ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች እኔንና በቅሎዬን ሳያስወጡበት ይቀሩ ነበር? በላስታ ያላስወጡን ዳገት የለም። ይህን አላውቀውም።» ከስልቻው አንድ እፍኝ ጦስኝ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይልቅ ይህን ሻይዎ ላይ ጣል ያድርጉበት።»

አለቃው ሳቀ። ለቀቁን። ደሳለኝ እንደዚህ ያለ ሰው ነበር። ስለ እሱ ስጽፍ ሁልጊዜ ይቺን አስቀድማለሁ፣ ሌላው እንዲዘገይልኝ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ታፈሰ መለያዎቹን ሁሉ በአማርኛ መጻፍ ጀመሩ። በትልልቁ፣ ማንም ጠባቂ እንዲያነበው። የተክሉ ስም፣ የተለቀመበት ቦታ፣ ከሥሩ ደግሞ በሁሉም ላይ አንድ ቃል፦ «አይጠጣም»።

ጭቁኝን ስናወጣ እንዲህ ብለውኝ ነበር፦ «ካምፈር አለው፣ ቱጆን የሚባልም አለው። ቱጆን ነርቭ ነው የሚይዘው፤ ሲበዛ ያንቀጠቅጣል። ሰው ቅጠሉን አሽቶ ቢያሸተው፣ ጨምቆ ጥቂት ቢቀምሰው፣ የሚያገኘው እጅግ ትንሽ ነው። እኛ ግን አንድ ሙሉ ሸክም በአንዲት ጠርሙስ ሰብስበነዋል። በአንድ ጊዜ አንድ ሸክም ጭቁኝ የሚበላ ሰው አለ?» ይህን ሰምቻለሁ። ጽፌዋለሁም። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ባለፈው ዓመት ክረምት ደሳለኝ ታመመ። ከጎድኑ በታች ይወጋው ነበር። ከሳ። ጤና ጣቢያው ኪኒን ሰጠውና ወልድያ ሆስፒታል መሄድ አለበት ተባለ። የወልድያው መንገድ በውጊያ ተዘግቶ ነበር። ይከፈታል እያልን ጠበቅን። እኔ በየቀኑ ከጣቢያው ያንን የእንፋሎት ውሃ በጆግ አመጣለት ነበር። አንድ ቀን ጆጉን ወደ ጎን ገፋው።

«ይህን ለመንደሩ ሁሉ ትቀዳላችሁ። ለወንድምህም እጣቢውን ነው?»

«አያ፣ እጣቢ አይደለም፤ ለሆድ ጥሩ ነው።»

«ወዙን የት አደረጋችሁት? ቅጠሉን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አንዲት ጠብታ ወዝ ይነፈገኛል?»

አርሶ ያስተማረኝ እሱ ነው። በማግሥቱ ለጋሽ ታፈሰ ሳልነግር ግማሽ የሆነች የጭቁኝ ጠርሙስ በኮቴ ኪስ ይዤ ሄድኩ። በአንድ ሁለት ጠብታ ምንም አይሆንም ብዬ ነበር። ጠርሙሷን ለእናቴ ሰጠኋት። መኪናው ለወገል ጤና ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። «ትንሽ ብቻ ስጭው፣ እማ» አልኳት። ወጣሁ።

ጠብታ አላልኩም። ትንሽ ነው ያልኩት። ክርም አላሰርኩባትም። መለያዋ ላይ ያለውንም አላነበብኩላትም። በዚያ ቤት ማንበብ የሚችል ከእኔ በቀር የለም።

በስምንተኛው ቀን ስመለስ ተቀብሮ ነበር።

ጎረቤቶች አንቀጠቀጠው አሉኝ። አንዳንዱ ልክፍት ነው አለ። እናቴ ግን «ተንቀጥቅጦ፣ ኋላ ተኛልኝ፤ በእንቅልፉ ነው የሄደ» አለች። መንቀጥቀጥ የሚለውን ቃል ስሰማ ጠርሙሷን በዓይኔ ፈለግሁ። ጠርሙሷ ግድግዳው ላይ ባለችው ጎድጓዳ ተቀምጣለች። ከታች አንድ ጣት ያህል ቀርቷታል። ቡሿ ላላ ብሏል። ተኖ ይሆን? ተጠጥቶ ይሆን? ክር የለባትም።

ለጋሽ ታፈሰ ነገርኳቸው። ወረቀት እያሸተቱ ነበር፤ አስቀመጡት። ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ክር አስረህባት ነበር?» አሉ።

«አላሰርኩም።»

«ስንት እንደጠጣ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ሂድና ጠይቅ። ከጎድን በታች የሚወጋ፣ የሚያከሳ በሽታ ራሱ ሰው ይገድላል። ስንት እንደጠጣ ካላወቅን ግን ምንም አናውቅም።»

አልጠየቅሁም። ወራት አለፉ፣ አልጠየቅሁም። እናቴ ደግሞ ጠርሙሷን በየሰንበቱ ታወርዳለች፣ ቡሿን ነቅላ ታሸታለች፣ ትመልሳለች። ሌላ ሰው እንዳይቀምሳት ፈርቼ፣ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የቀረውን አፈር ላይ ደፋሁት። ተነነ አልኳት። አመነችኝ።

ጣቢያው ሊዘጋ ሲል ጋሽ ታፈሰ ጠርሙሶቹን ቆጠሩ። አንድ ጎደለ። የት እንዳለ ያውቃሉ። «ሂድ፣ አምጣት» አሉኝ። ቤት ሄጄ እናቴን፣ ጠርሙሷን አምጣ ብለውኛል አልኳት።

«አልሰጥም» አለች። «ልጄ የመጨረሻ እንቅልፉን የተኛባት ናት። ሰባት ሌሊት በሕመም ሲገላበጥ አድሮ፣ ይችን ባጠጣሁት ጊዜ አይደል ያረፈ?»

ያን ጊዜ ጠየቅሁ። «ስንት አጠጣሽው፣ እማ?»

ስኒ አንሥታ አሳየችኝ። አውራ ጣቷን መካከሉ ላይ አደረገች። «ግማሽ። በእጄ። በአንድ ትንፋሽ ጠጣት አልኩት፣ እንደ ኮሶ። መራራ ነገር እየቆራረጡ ሲጠጡት አያሽርም። ትንሽ አላልክም?»

ኮሶ በዋንጫ ሙሉ በሚጠጣበት አገር ግማሽ ስኒ ትንሽ ነው። እኔም ኮሶ ጠጥቼ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ይህን ማወቅ ነበረብኝ።

«ደግ አደረግሽ» አልኳት።

መለያዋን ልልጥ ጥፍሬን አስገባሁ። አንዱ ጠርዝ ሲነሣ እጄን መታችኝ። «ተው፣ ጽሕፈቷን አትንካት። እስቲ አንድ ቀን አነባታለሁ።»

ባዶ እጄን ተመለስኩ። መኪናው ተጭኗል። ጋሽ ታፈሰ «እህ?» አሉኝ። በሁለት ጣቴ የግማሽ ስኒ ያህል አሳየኋቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው የመኪናው መርገጫ ላይ ተቀመጡ።

«በሽታውም ነበረ» አሉ። «እሱን ደግሞ አትርሳው። ለእናትህ መንገርና አለመንገር የአንተ ነው። መለያዋን ግን እንዳትልጣት። ስሙ የተላጠ ጠርሙስ አንድ ቀን ሌላ ሰው ይገድላል።» ከኪሳቸው የክሩን ጥቅል አውጥተው ሰጡኝና ሄዱ።

መሠረተ ትምህርት ሲከፈት አስተማሪ አድርገው መደቡኝ። ለመመዝገብ መጀመሪያ የመጣችው እናቴ ነበረች። ጎረቤቶቿ ሳቁባት። «ጠርሙሷን ላንብባት ብዬ ነው» አለቻቸው።

ከ«ሀ» ጀመርን። ሌሎቹ ሲረሱ እሷ አትረሳም። «አ» ላይ ስንደርስ ደስ ብሏት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። «የ»ን አለፍን። «ገ» ላይ ቆምኩ። ክለሳ ነው አልኳቸው። አቶ ሞላ የሚባሉ ቀልደኛ ሽማግሌ አሉን፤ ጓድም የኔታም መባል ስላለብኝ ሁለቱን አዳብለው ነው የሚጠሩኝ።

«ጓድ የኔታ» አሉኝ ትናንት፣ «ይህች «ገ» ላይ በሬያችን ተኛብን እኮ። ያስነሡልን እንጂ።»

እናቴ ከፊት ተቀምጣ አየችኝ።

እስከዚህ የጻፍኩት ማክሰኞ ዕለት ነው። ዛሬ ዓርብ ነው። የቀረውን ልጨርሰው።

ረቡዕ «ጠ»ን ጻፍኩ። ተቆጣጣሪ ይመጣል ስለተባለ ነው፤ ደፍሬ አይደለም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሰባቱን ደርድሬ ዞር ስል እናቴ ቆማለች።

«ይችንስ አውቃታለሁ» አለች። «አራተኛዪቱንም። ከቤት አሉኝ፤ ተጎራብተው ነው ያሉ።»

አቶ ሞላ ሳቁ። «እኛ ከሰው አልተዛመድን፣ እኒህ ከፊደል ተዛመዱ።»

እሷ አልሳቀችም። ጣቷን አነሣች። «ፊተኛዋ «አ» ናት። ከዚያ «ይ»። ከዚያ ይችና ያችኛዋ።»

«እማ» አልኩ፣ «እሷን ከቤት እናነባታለን።»

«ከቤት ለምን?»

ሁሉም ያየኛል። «ለዛሬ ይብቃን» አልኳቸው። ጠመኔውን አስቀመጥኩ። እጄ ነጭ ሆኖ ነበር፣ ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት።

አብረን ወጣን። ዳገቱን ስንወጣ እናቴ መዳፏን ዘርግታ በሌላው እጇ ጣት ትጽፍበታለች። አንዴ ታጠፋዋለች፣ እንደገና ትጽፋለች። እኔ ከጎኗ እሄዳለሁ። ከቤታችን በላይ ያለው ድንጋይ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«አ...ይ...» አለች። «አይ...ጠ...»

«ም» ላይ ሳትደርስ ቀደምኳት።

«ጽሕፈቷን አላነበብኩልሽም፣ እማ» አልኩ። «ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳላነብልሽ የሄድኩት እኔ ነኝ።»